የእናቴ ዓይን ሳትፈልግ እየተጨፈነ ተቸግረናል፤ ይሄን ክሬም የሞከረ አለ?

የማርቆስ ልጅ | ጥቅምት 8 ቀን 2017

እንደምን ሰነበታችሁ ወገኖቼ። ነገሩ ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናችሁን ያዙና አንብቡልኝ።

እናቴ 62 ዓመቷ ነው። ደብረ ማርቆስ ነው የምትኖረው። ከሦስት ዓመት ወዲህ ሁለቱም ዓይኖቿ ሳትፈልግ ይጨፈናሉ። ሲጀምር ርግብግብ ብቻ ነበር፤ ፀሐይ ላይ ስትወጣ፣ ነፋስ ሲነፍስ። እያደር ግን ጭፍን ብለው አንከፈትም ማለት ጀመሩ። ብሌኑ ደህና ነው፣ ታያለች። ቆቡ ነው የሚዘጋባት። ገበያ መውጣት ከተወች ሁለት ዓመት ሆናት። አንድ ቅዳሜ በርበሬ ሻጩ «እማማ፣ ምነው ይጠቅሱኛል?» ብሎ ሰው አሳቀባት። በርበሬውን ሳትገዛ ተመለሰች።

ያልተባለ ነገር የለም። ቡዳ ነው ተባለ። ጭንቀት ነው ተባለ። ሦስት ቦታ ሄደን ሦስቱም ቦታ ያው የዓይን ቅባት ነው የተሰጠን። በመጨረሻ አዲስ አበባ አንድ የነርቭ ሐኪም አየና «ብሌፋሮስፓዝም ነው» አለን፤ የዓይን ቆብ ጡንቻ ሳይፈልጉት መኮማተር ማለት ነው። ግንቦት ላይ በዓይኗ ዙሪያ ቦቶክስ የሚባለውን ጡንቻ የሚያላላ መርፌ ተወጋች። በአራተኛው ቀን ደጅ ተቀምጣ፣ ፀሐይ ላይ፣ ምስር ስትለቅም አገኘኋት። ምን እንደተሰማኝ አልነግራችሁም።

ችግሩ ሦስት ወር ሳይሞላ ያልቃል። ነሐሴ 16 ደግማ ተወጋች። በየሦስት ወሩ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ አለ፤ የዓባይ በረሃን መውረድ መውጣት አለ። መንገዱን ታውቁታላችሁ። ብሩን አላነሳውም።

አሁን የአክስቴ ልጅ ከውጭ ክሬም ላከችልን። የፊት መሸብሸብ ማጥፊያ ነው፤ «መርፌ የሌለው ቦቶክስ» እያሉ ይሸጡታል። ጀርባው ላይ አሴቲል ሄክሳፔፕታይድ-8 ይላል። ለዚህ በሽታ ሐኪሞች ሞክረውታል ብላኛለች። ልቀባት? የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ዳሞት | ጥቅምት 8

ወንድሜ እግዜር ይማርልህ። እኔም አምና ፈተና ሰሞን ግራ ዓይኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ይጫወት ነበር። ምንም ሳልቀባ ለቀቀኝ። ቡና ቀንሱላት።

ሙና | ጥቅምት 8

እኛ ቤት ዓይን ከተርገበገበ «የራቀ ሰው ልታዪ ነው» ይባል ነበር። በዚህ ሒሳብ እናትህ አገር ምድሩን ሊያዩ ነው 😊 ይቅርታ፣ ላሳቅህ ብዬ ነው።

ፋርማሲስት ነኝ፣ ቡሬ | ጥቅምት 9

ዳሞት፣ ያንተ ሌላ ነው። የአንድ ዓይን ቆብ ስስ ርግብግብታ በድካም፣ በእንቅልፍ ማጣት፣ በቡና ይመጣል፤ ራሱ መጥቶ ራሱ ይሄዳል። የእኚህ እናት ግን ሁለቱም ዓይን ነው፤ ጡንቻው ጭብጥ ነው የሚለው። ምንጩም ቆቡ አይደለም። እንቅስቃሴን የሚያስተካክለው የአንጎል ክፍል ነው የሚሳሳተው። ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶች ላይ ይበዛል። የፊት አንድ ጎን ብቻ ከዓይን እስከ አፍ የሚሳብ ከሆነ ደግሞ እሱ ሦስተኛ ነገር ነው፤ ብዙውን ጊዜ የደም ሥር የፊትን ነርቭ እየተጫነ ነው። ስለዚህ «እኔም እንዲህ ሆኜ እንዲህ አድርጌ ዳንኩ» የምትሉ ሰዎች፣ መጀመሪያ የቱ እንደሆነ ለዩ።

ወደ ክሬሙ ስመጣ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን በሙሉ ገልብጠህ ላክልን። ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን፣ እንዲህ ያለ ስቴሮይድ ካለበት እንዳታስነካት። ስቴሮይድ ዓይን ዙሪያ ለወራት ከተቀባ ቆዳ ያሳሳል፣ የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ሞራም ያመጣል።

ሌላ ጥያቄ፦ ምን ሲያደርጉ ይሻላቸዋል?

አዲስ ዓለም | ጥቅምት 9

ፋርማሲስቱ ያለው እውነት ነው። እህቴ «ፊት የሚያጠራ» ተብሎ የተሸጠላትን ክሬም ሁለት ዓመት ስትቀባ ኖራ፣ ዛሬ ለዓይን ግፊት ጠብታ ላይ ናት። ብልቃጡ ላይ የአበባ ሥዕል እንጂ አንድ ፊደል አልነበረበትም። ሱቁን አልጠራም፤ ሁሉም ጋ አለ።

የማርቆስ ልጅ | ጥቅምት 9

ፋርማሲስት፣ አመሰግናለሁ። በግል መልእክት ላኩልህ።

ምን ሲያደርጉ ይሻላቸዋል ላልከው፣ ይሄ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ነጠላዋን አጥፋ ግንባሯ ላይ፣ ከቅንድቧ ትንሽ ከፍ አድርጋ ጠበቅ አርጋ ስታስር ዓይኗ ይከፈታል። ስትፈታው ይዘጋል። ሌባ ጣቷን ጆሮ ግንዷ ላይ ስታሳርፍም እንዲሁ። ጥጥ ስትፈትል ደግሞ እያንጎራጎረች ከሆነ ደህና ናት፤ ዝም ስትል ይጀምራታል። ጎረቤት ይሄን አይቶ «ይቺ ሴትዮ እያወቀች ነው እንጂ ምንም የላት» ብሎ አስወርቶባታል።

ፋርማሲስት ነኝ፣ ቡሬ | ጥቅምት 9

ያ ጎረቤት አፉን ይያዝ። እሱ ራሱ የበሽታው ምልክት ነው። መንካት፣ ማሰር፣ መዝፈን፣ ማኘክ፣ ማውራት ለጊዜው ያሳርፈዋል። ሐኪሞች አውቀው ይጠይቁበታል። ነጠላዋን በርቱ በላቸው።

ክሬሙን አየሁት። የተጻፈው ሁሉ እውነት ከሆነ ስቴሮይድ የለበትም።

ወለተ ማርያም | ጥቅምት 10

ጸበል አስጠምቃችኋል? ለእኔ እናት የረዳት እሱ ነው።

የማርቆስ ልጅ | ጥቅምት 10

አዎ እህቴ፣ ሁለት ሱባኤ ገብታለች። ቀዝቃዛው ውኃ ፊቷ ላይ ሲያርፍ ለጥቂት ደቂቃ ይከፈትላታል። አሁንም አላቆመችም። ጸበሉም ይቀጥላል፣ መርፌውም።

የተሰረዘ መልእክት | ጥቅምት 10

*አወያይ፦ ስልክ ቁጥርና «100% ፈዋሽ» የሚል ማስታወቂያ ስለነበረበት ተነሥቷል። ሦስተኛው ነው። ቀጣዩ ይታገዳል።*

ስደተኛው ጎጃሜ | ጥቅምት 11

ከሚኒሶታ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የቢቸና ልጅ ነኝ። እዚህ ሆስፒታል ውስጥ ነው የምሠራው፤ ሐኪም ግን አይደለሁም፤ ይሄ ይያዝልኝ።

የአክስትህ ልጅ አልዋሸችህም፤ ተሞክሯል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች ናቸው የሞከሩት፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። 24 ሕመምተኞች ናቸው። ግማሹ ክሬምህ ውስጥ ያለውን ፔፕታይድ (አጭር የፕሮቲን ቁራጭ ነው)፣ ግማሹ ባዶ ክሬም ተቀባ፤ ማን የትኛውን እንደያዘ ተቀባዩም ሐኪሙም አያውቅም። አስተውል፣ ሁሉም ቦቶክስ የሚወጉ ሰዎች ናቸው። የተጠየቀው «ክሬሙ መርፌውን ይተካል ወይ» ሳይሆን «የመርፌውን ዕድሜ ያራዝማል ወይ» ነው። ባዶውን የተቀቡት በአማካይ በ3 ወር፣ ፔፕታይዱን የተቀቡት በ3.7 ወር ወደ ቀድሞው ሁኔታቸው ተመለሱ። ከተቀቡት ሢሶ ያህሉ ከዚያም በላይ ቆየላቸው። ጉዳት አልታየም። ነገር ግን በ24 ሰው ላይ ይህን ያህል ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ ይችላል። ራሳቸውም «ፍንጭ ነው፣ በትልቅ ጥናት ይጣራ» ነው ያሉት። ሻጮቹ ይቺን መጨረሻዋን ቆርጠው ነው የሚያወሩት።

አሠራሩ ደስ ይላል። ነርቭ ጡንቻን «ተኮማተር» ሲለው መልእክቱን በትንንሽ ከረጢት ሞልቶ ነው የሚልከው። ከረጢቷ እንድትራገፍ ሦስት ፕሮቲኖች እንደ ክር መገመድ አለባቸው። ቦቶክስ ገብቶ ከሦስቱ አንዷን፣ ስናፕ-25 የምትባለዋን፣ ይቆርጣታል። መልእክት የለም፣ መኮማተርም የለም። ክሬሙ ውስጥ ያለው ደግሞ የእሷን ጫፍ አስመስሎ የተሠራ ቁራጭ ነው፤ አይቆርጥም፣ ቦታ ይሻማል። ይገመድ የነበረው ክር እንዲላላ።

እዚህ ድረስ ጥሩ። ጣጣው ቆዳው ነው። ቆዳ በቀላሉ የሚያሳልፈው ከ500 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) በታች የሆነ ሞለኪውል ነው ይባላል፤ ይሄ ወደ 890 ነው። ጡንቻው ጋ ከመድረሱ በፊት ደጅ ላይ ይቀራል ብለው የሚጠራጠሩ ብዙ ናቸው። መርፌ የተፈለገውም ለዚሁ ነው። እንግዲህ ቦቶክስ ራሱ ከመሸብሸብ በፊት የዓይን መድኃኒት ነበር፤ አላን ስኮት የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ የዓይን ሐኪም ለሸውራራነት ብሎ ነው የጀመረው። በአሜሪካ የተፈቀደውም እ.ኤ.አ. በ1989፣ ለሸውራራነትና ለዚሁ ለብሌፋሮስፓዝም ነው። የቆንጆዎቹ ነገር ኋላ የመጣ ነው።

ሙሉ ከዳንግላ | ጥቅምት 11

ይቅርታ ላቋርጣችሁና፣ እናታችሁን ቆቡን ገልብጦ ያያቸው ሰው አለ? የኛ አገር ትራኮማ ያለበት አገር ነው። አያቴ ወረንጦዋ ከአንገቷ አይለይም ነበር፤ ወደ ውስጥ የተቀለበሰውን የሽፋሽፍት ፀጉር ራሷ ትነቅላለች። ፀጉሩ ብሌኑን ሲጭረው ዓይን ይጨፈናል፣ ያለቅሳል፣ ብርሃን ይፈራል። ሰው ሲያየው ያው ነው። የሚኒሶታው ሰው ያመጣውን ጥናት ከማንበባችሁ በፊት ቆቡን አስገልብጡ።

የማርቆስ ልጅ | ጥቅምት 14

ሙሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳልሽው አደረግን። የዓይን ነርሷ ቆቧን ገልብጣ በባትሪ አየቻት። የድሮ የትራኮማ ጠባሳ አለ፤ ግራው ላይ ሁለት ፀጉር ወደ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ነቀለችላት። ዓይኗም ደረቅ ነው ብላ ሰው ሠራሽ የእንባ ጠብታ አዘዘች። በማግስቱ መቆጥቆጡ ቀለል አለላት። መጨፈኑ ግን አለ። ሁለት በሽታ ይዘን ኖረናል ማለት ነው። ያን ሁሉ ቅባት ያዘዙልን ሰዎች አንዳቸውም አልገለበጡም።

ሐኪሟንም ደውዬ አማከርኩት። «ዓይን ውስጥ እስካልገባ ድረስ ብትሞክሩት አልቃወምም፤ ብዙ ግን አትጠብቁ» አለኝ። ልጀምር ነው።

ቲቸር፣ ሞጣ | ጥቅምት 14

ቆይ፣ ቆይ። ዝም ብለህ ብትቀባ ምን ልታውቅ ነው? አሁን የመርፌው ኃይል እያለቀ ነው። ብትቀባና ቢብስባት «ክሬሙ አባሰባት» ትላለህ። ሳይብስባት ቢቆይ «ክሬሙ ነው» ትላለህ። እናትህም ከውጭ የመጣ መድኃኒት ነው ብለው ስለሚያምኑ፣ አንተም ስለደከምክ፣ ሁለታችሁም የምትመኙትን ነው የምታዩት።

እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። እንዲህ አድርግ። ተመሳሳይ ሁለት ትንንሽ ብልቃጥ ፈልግ። አንዱ ውስጥ ክሬሙን፣ ሌላው ውስጥ መልኩ የሚመስል ሽታ የሌለው ተራ የፊት ቅባት ይግባ። ሀ እና ለ ተብለው ይጻፍባቸው። የቱ የቱ እንደሆነ አንተም እናትህም እንዳታውቁ፤ ሌላ ሰው ይያዘው።

ዳሞት | ጥቅምት 14

ሦስት ሳምንት ሀ፣ ሦስት ሳምንት ለ።

ቲቸር፣ ሞጣ | ጥቅምት 15

ዜሮ አገኘህ 😄 መርፌው በየሳምንቱ እየደከመ ከሄደ፣ ኋላ የተቀባው ሁልጊዜ ይሸነፋል። ጥንድ ጥንድ አድርጉት። በየሁለት ሳምንቱ አንዱ ሀ፣ አንዱ ለ። የትኛው ይቅደም የሚለውን ሳንቲም ይወስን።

ሌላው፣ «ዛሬ ተሽሎኛል» አይቆጠርም። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ፣ ሁለት ደቂቃ በስልክ ቅረጻቸው። ነጠላ ሳያስሩ፣ ሳያንጎራጉሩ። ስንቴ እንደተጨፈነ ቁጠር።

ፋርማሲስት ነኝ፣ ቡሬ | ጥቅምት 15

እኔም ልጨምር። መጀመሪያ ክንዳቸው ላይ ሁለት ሦስት ቀን ሞክሩት፤ ካሳከከ ወይ ከቀላ ተዉት። ቅንድብ ላይና ከዓይን በታች ባለው አጥንት ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። የቆቡ ጠርዝ ላይ በፍጹም። ከተቀቡ በኋላ እጃቸውን ይታጠቡ፤ ዓይናቸውን ማሻሸት ልማድ ይሆናልና። ጠብታውንም በሁሉም ሳምንት እኩል ይጠቀሙ፣ አለበለዚያ ፈተናውን ያበላሽባችኋል።

የማርቆስ ልጅ | ኅዳር 4

ዘግይቼ ነው። ጥቅምት 19 ጀምረናል።

ብልቃጡን እህቴ ናት የያዘችው። የቱ የቱ እንደሆነ ወረቀት ላይ ጽፋ ሞሰብ ሥር ደብቃለች፤ ለምኜ ለምኜ እምቢ አለችኝ። በየጥንዱ የብር ሳንቲም ትወረውራለች። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እናቴን በረንዳው ላይ በርጩማ ላይ አስቀምጣ ትቀርጽና ትልክልኛለች። እኔ ባሕር ዳር ሆኜ ማታ ማታ እቆጥራለሁ። የሰው ዓይን እንዲህ አተኩሬ አይቼ አላውቅም። ሊዘጋ ሲል ቀድሞ ቅንድቧ ይወርዳል፣ አፍንጫዋ ላይ ሦስት መስመር ይሠራል፣ ከዚያ ጥፍት። ስትታገለው ግንባሯ ወደ ላይ ይሳባል፣ ቆቡ ግን አይሰማም። ሁለት ደቂቃ እኮ አጭር ናት። እሷ ላይ ግን ረጅም ናት።

እናቴ ከወዲሁ ፈርዳለች። «ለ ነው መድኃኒቱ» ብላለች። ቀዝቀዝ ያደርጋታል አሉ።

ሙና | ኅዳር 4

ሞሰብ ሥር! እህትህን ወደድኳት።

ስደተኛው ጎጃሜ | ኅዳር 6

በነገራችን ላይ ሮዝ ቀለም የተነከረ መነጽር አለ፤ ብርሃን ለሚያስጨፍናቸው ሰዎች እዚህ ያዙላቸዋል። ቢያንስ ፀሐይ የሚከልል ሰፊ ባርኔጣና ጥቁር መነጽር ሞክሩ።

የማርቆስ ልጅ | ኅዳር 7

እህቴ ባርኔጣ ስትላት «ፈረንጅ ልታደርጊኝ ነው?» ብላ ሳቀች። ጥቁሩን መነጽር ግን ተቀበለች። ፈተናው እስኪያልቅ ግን ቀረጻው ላይ አታደርገውም፤ ቲቸር እንዳይቆጣኝ።

ቲቸር፣ ሞጣ | ኅዳር 7

ጎበዝ ተማሪ።

የማርቆስ ልጅ | ታኅሣሥ 2

አለቀ። ስድስቱም ሳምንት ሞላ። ቁጥሮቹ እነሆ፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ዓይኗ ስንቴ እንደተጨፈነ፣ የየሳምንቱ አማካይ ነው።

አንደኛ ሳምንት ለ ነበር፦ 14። ሁለተኛ ሀ፦ 17። ሦስተኛ ሀ፦ 21። አራተኛ ለ፦ 22። አምስተኛ ሀ፦ 35። ስድስተኛ ለ፦ 33።

ትናንት ማታ ስልኩ ላይ ሆነን እህቴ ወረቀቷን አወጣች። ከውጭ የመጣው ክሬም ሀ ነው። ለ የሠፈር ሱቅ ቅባት ነው።

እናቴ መጀመሪያ አላመነችም። «ገልብጣችሁት ይሆናል» አለች።

ዳሞት | ታኅሣሥ 2

ኧረ ጉድ! የሱቁ ቅባት ክሬሙን ዘረረው?

ቲቸር፣ ሞጣ | ታኅሣሥ 2

አልዘረረውም። ሀ በአማካይ 24 ገደማ፣ ለ 23። ይሄ እኩል ማለት ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ የጠዋትና የጠዋት ልዩነቱ ከዚህ ይበልጣል፤ የዕለቱን ቁጥር ብታይ ታገኘዋለህ። በግልጽ የሚታየው ሌላ ነው፦ ከ14 ወደ 30ዎቹ የሄደው። እሱ የመርፌው ማለቅ ነው። ሀም ለም አላቆሙትም።

ስደተኛው ጎጃሜ | ታኅሣሥ 3

ከልቤ አደንቃችኋለሁ። ግን ለክሬሙ ጥብቅና ልቁምለት። እነዚያ ተመራማሪዎች ክሬሙን ያስቀቡት ለወራት ነው፤ እናንተ አንድ ሳምንት ቀብታችሁ አንድ ሳምንት ትታችኋል። ቀስ ብሎ የሚሠራ ከሆነ በዚህ አካሄድ አይያዝም። የሀ ሳምንት ውጤት ወደ ለ ሳምንት ተሻግሮም ሊሆን ይችላል። «አይሠራም» ለማለት አይበቃም፤ «እኚህ እናት ላይ በዚህ አኳኋን ለውጥ አላየንም» ለማለት ይበቃል።

ቲቸር፣ ሞጣ | ታኅሣሥ 3

ልክ ነህ። በቀጣዩ መርፌ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንዱን ብቻ ሦስት ወር ሙሉ፣ በሚቀጥለው ደግሞ ሌላውን፤ ስንት ሳምንት ቆየ የሚለውን ብታወዳድሩ ይሻላል። ስድስት ወር ይፈጃል። እኔ ብሆን ግን ለአንድ ብልቃጥ የሚወጣውን ብር ለትራንስፖርት አደርገው ነበር።

ፋርማሲስት ነኝ፣ ቡሬ | ታኅሣሥ 3

በእኔ በኩል ደግሞ፣ መርፌው ሦስት ወር መቆየቱ ውድቀት አይደለም፤ አብዛኛው ሰው ላይ እንዲሁ ነው። ሐኪሙን ስታገኘው የሳምንታቱን ቁጥር አሳየው። መጠኑንና የሚወጋበትን ነጥብ ለማስተካከል ከቃል ይልቅ ያ ቪዲዮ ይጠቅመዋል። ለማቅለሽለሽ ሜቶክሎፕራማይድ ወይም የአእምሮ መድኃኒት ወስደው ከሆነም ንገረው፤ እንዲህ ያለ መጨፈን የሚያመጡ አሉ።

የማርቆስ ልጅ | ታኅሣሥ 9

የመጨረሻ ወሬ። ትናንት ሦስተኛውን መርፌ ተወጋች። ሐኪሙ ቪዲዮዎቹን አንድ በአንድ አየ። የቅንድቧን መውረድ ሲያይ «እዚህ ጋም ትንሽ ልጨምር» ብሎ ሁለት ነጥብ ጨመረ። እንዲህ ዓይነት ማስረጃ ይዞ የመጣ ሰው እንደማያስታውስ ነገረኝ፤ ቲቸር፣ ምስጋናው ያንተ ነው።

ስንመለስ በረሃው ውስጥ ጥቁር መነጽሯን አድርጋ፣ ነጠላዋን ግንባሯ ላይ አስራ፣ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። ደጀን ልንደርስ ስንል ወደኔ ዞር ብላ «ያቺ ለ አልቃለች እኮ፤ ከሱቁ ሌላ ትገዛልኝ?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ተራ ቅባት ነው አልኩሽ እኮ።»

«ሰምቻለሁ» አለች። «ፊቴን ግን አለስልሶልኛል።»